ከሲሊከኑ እስከ ክፍሉ አየር፦ በቤት የሚገጠም ኮምፒውተርና የሙቀቱ መንገድ



እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የኮምፒውተር ዕቃዎች መርማሪ ተቋም አንድ አጭር ፊልም ለሕዝብ አሳየ። ተቋሙን የመሠረተው ቶማስ ፓብስት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በፊልሙ ላይ የዘመኑ ፈጣን ፕሮሰሰሮች ተራ በተራ ማዘርቦርድ ላይ ይሰካሉ። ከዚያም ኮምፒውተሩ «ኩዌክ 3» የተባለውን ጨዋታ እያጫወተ ሳለ ማቀዝቀዣቸው ከላያቸው ይነሣል። የኢንቴል ፔንቲየም 3 ወዲያው ደርቆ ቆመ፤ ማቀዝቀዣው ተመልሶለት እንደገና ሲበራ ግን ደኅና ነበር። ፔንቲየም 4 ጨዋታውን አላቋረጠም፤ ፍጥነቱን ቀንሶ እየተንፏቀቀ ቀጠለ፣ ማቀዝቀዣው ሲመለስለትም ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ተመለሰ። የኤኤምዲ አትሎን ግን በአፍታ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ጭስ ወጣውና ተቃጠለ።

ልዩነቱ የሲሊከኑ ጥራት አልነበረም። ፔንቲየም 4 ሙቀቱን የሚለካና ፍጥነቱን የሚቀንስ ክፍል በራሱ ውስጥ ነበረው። አትሎኑ ጉዳዩን ለማዘርቦርዱ ትቶት ነበር፤ ማዘርቦርዱም አልደረሰለትም። ሰውማ ጭራሽ አይደርስም፤ ማቀዝቀዣ የተነሣበት ቺፕ የሚቃጠለው እጅ ወደ ማጥፊያው ሳይዘረጋ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ፕሮሰሰሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ራሳቸውን ይጠብቃሉ። በውስጣቸው በየቦታው የተቀመጡ መለኪያዎች ሙቀቱን ያለማቋረጥ ይከታተላሉ። ከተፈቀደው ጣሪያ ሲደርስ ፍጥነትና ቮልቴጅ ይቀነሳል፤ ይህም ካልበቃ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ዛሬ ማቀዝቀዣው በደንብ ያልተገጠመለት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ አይቃጠልም፤ ይዘገያል እንጂ። ባለቤቱም የከፈለበትን ፍጥነት እንዳላገኘ ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ፍርሃቱ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ኤኤምዲ በ2022 ራይዘን 7000 የተባሉትን ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ ትልቁ ራይዘን 9 7950ኤክስ ሥራ ሲበዛበት ሆን ተብሎ እስከ 95 ዲግሪ እንዲሄድና እዚያው እየሠራ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። ኩባንያው ይህ አሠራሩ እንጂ ጉድለት እንዳልሆነ በይፋ ተናግሯል። ሆኖም ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገዝቶ በካቻቪቴ የገጠመ ሰው የሙቀት ማሳያውን ፕሮግራም ከፍቶ 95 የሚል ቁጥር ሲያይ መደንገጡ አይቀርም፤ ሌላ ማቀዝቀዣ ይገዛል፣ ያንንም ገጥሞ እንደገና 95 ያያል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እነዚህ ፕሮሰሰሮች የተፈቀደላቸውን የሙቀት ቦታ ሙሉ በሙሉ ይጠቀሙበታል። ትንሽ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት በ95 ዲግሪ ላይ 170 ዋት እየወሰደ ይሠራ ይሆናል፤ ትልቅ የተገጠመለት በዚያው 95 ዲግሪ ላይ እስከ ገደቡ 230 ዋት እየወሰደ የበለጠ ይፈጥናል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ይለያያል። ስለዚህ ዲግሪው ብቻውን ብዙ አይናገርም። መጠየቅ ያለበት በዚያ ዲግሪ ላይ ስንት ዋት እየተወገደ እንደሆነና ሙቀቱ ከሲሊከኑ ተነሥቶ ክፍሉ አየር እስኪደርስ ድረስ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚታገድ ነው። ይህ ዲስኩርም ያንን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል።

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። 150 ዋት የገባለት 150 ዋት ሙቀት ያወጣል። የፍጆታውን መጠን የሚወስኑት የሚሠሩት ትራንዚስተሮች ብዛት፣ ፍጥነታቸውና ቮልቴጃቸው ናቸው። ከሦስቱ የሚከብደው ቮልቴጁ ነው፤ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው በራሱ ተባዝቶ ነውና። ቮልቴጁ ከ1.1 ወደ 1.3 ከፍ ተደርጎ በዚህ 10 በመቶ ፍጥነት ቢገኝ፣ ፍጆታው ከ50 በመቶ በላይ ያድጋል። ፋብሪካዎች ለመጨረሻዋ የፍጥነት ጭማሪ የሚከፍሉት ዋጋ ይህን ያህል ነው፤ ኤሌክትሪኩንና ማቀዝቀዣውን የሚከፍለው ግን ገዢው ነው።

ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ይህ ሒሳብ ብዙ አያስጨንቅም ነበር። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተር ብቻ ስለነበረው ምንም ዓይነት ማቀዝቀዣ አላስፈለገውም። በ1974 የአይቢኤም መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ስለሚወርድ በአንድ ስፋት ላይ የሚወጣው ሙቀት እንደማይጨምር አሳዩ። ኢንዱስትሪው በዚህ ስሌት ላይ ተመሥርቶ ገሰገሰ። በ1993 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየሞች በ5 ቮልት ይሠሩ ስለነበር የብረት ማቀዝቀዣና ፋን የግድ ሆነባቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ስሌቱ ራሱ ተናጋ፤ ቮልቴጅ መውረዱን አቆመ፣ ትራንዚስተሮቹም ሥራ ፈትተው በተቀመጡበት የሚያፈስሱት ኤሌክትሪክ በዛ።

በ2004 የወጣው ፕሬስኮት የተባለው ፔንቲየም 4 እስከ 115 ዋት የሚደርስ የሙቀት መጠን ተመዘገበለት። ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ የሚደርስ ፔንቲየም አወጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ሰረዘው። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት በፍሎሪዳ ግዛት ኦርላንዶ ከተማ በተደረገ የባለሙያዎች ጉባኤ መድረክ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። አንድ ግዙፍ ኩባንያ በሙቀት መሸነፉን እንዲህ በአደባባይ ያመነበት ጊዜ ጥቂት ነው። ፍጥነትን ብቻ ማሳደድ ቀርቶ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ኮር የሚባሉትን የሥራ ክፍሎች ማብዛት የሁሉም መንገድ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ መጀመሪያ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር፣ ፍጆታው 3,500 ዋት ቢሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር የሚወጣው ከ1 ዋት ጥቂት የበለጠ ሙቀት ነው። የራይዘን 7000 ኮሮች የተሠሩበት አንዱ የሲሊከን ቁራጭ ስፋት ደግሞ 0.7 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ይህ ቁራጭ 80 ዋት ሲደርሰው በካሬ ሴንቲሜትር ከ110 ዋት በላይ ያወጣል፤ ከምጣዱ ዘጠና እጥፍ ማለት ነው። ምጣዱ ከ200 ዲግሪ በላይ እንዲግል ይፈለጋል። ሲሊከኑ ግን ከ95 እንዳያልፍ ይጠበቅበታል። ችግሩ የዋቱ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ ከጥፍር በማይበልጥ ቦታ ላይ መከማቸቱ ነው የሚያስቸግረው። እንዲህ ካለ ጠባብ ቦታ ሙቀትን በፍጥነት ማውጣት ይከብዳል፤ የቱንም ያህል ትልቅ ማቀዝቀዣ ከላይ ቢጫን መጀመሪያ የሚወስነው ከሲሊከኑ እስከ ማቀዝቀዣው ያለው ጥቂት ሚሊሜትር ነው።

በሲሊከኑ ላይ የመዳብ ክዳን አለ። ኤኤምዲ ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ ወደሚሰካበት አዲስ ሶኬት ሲሸጋገር ደንበኞች የቀድሞ ማቀዝቀዣቸውን እንዳይጥሉ ብሎ ከፍታውን እንደነበረ ለማቆየት ክዳኑን አወፈረው። ለገዢው ኪስ ደግ ሐሳብ ነበር፤ ለሙቀቱ ግን መንገዱን አረዘመበት። ዴር ባወር በሚል ስም የሚታወቀው ጀርመናዊ ሮማን ሃርቱንግ ክዳኑን አንሥቶ ማቀዝቀዣውን በቀጥታ ሲሊከኑ ላይ ሲያሳርፈው ሙቀቱ 20 ዲግሪ ገደማ ወረደ። ኢንቴልም በበኩሉ በ2012 ከክዳኑ ሥር ያለውን ብየዳ ትቶ ሙቀት በሚያስተላልፍ ፔስት ስለተካው ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል፤ በ2018 በኮር አይ9 9900ኬ ወደ ብየዳው ተመለሰ። ክዳን መክፈት ዋስትናን ያሳጣል፣ ሲሊከኑንም ሊሰነጥቅ ይችላል። ቤቱ ተቀምጦ አንድ ኮምፒውተር ለሚገጥም ሰው የሚመከር ሥራ አይደለም።

በገጣሚው እጅ ያለው ቀጣዩ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነውና። የፕሮሰሰሩ ክዳንና የማቀዝቀዣው መሠረት በዓይን ሲታዩ ልሙጥ ናቸው። በማጉያ ሲታዩ ግን ጉብታና ጉድጓድ የሞላባቸው ናቸው፤ የሚነካኩትም በጉብታዎቹ ጫፍ ብቻ ነው። የቀረውን ክፍተት አየር ይሞላዋል። ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ የመዳብ መለኪያ 400 ገደማ ሲሆን የአየር 0.026 ነው። ጥሩ ፔስት ከ5 እስከ 12 ድረስ ነው። ፔስቱ ከአየሩ በመቶዎች እጥፍ ይሻላል፤ ከመዳቡ ግን በብዙ ያንሳል። ሥራው ጉድጓዶቹን መሙላት ብቻ ነው። ሲበዛ ሁለቱ ብረቶች እንዳይቀራረቡ ይይዛቸዋል፤ ሲያንስ ደግሞ አየር ይቀራል።

ሥራው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ባለሙያው አሮጌውን ፔስት በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ከሁለቱም ወገን ጠርጎ ያደርቃል። አዲሱ ማቀዝቀዣ ከካርቶኑ ሲወጣ መሠረቱ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበት ይመጣል፤ «ከመገጠሙ በፊት ይነሣ» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አለበት፣ ሆኖም ሳይነሣ የሚገጠም ኮምፒውተር ሞልቷል። ላስቲኩ ከተነሣ በኋላ አተር የምታክል ፔስት ክዳኑ መሐል ላይ ትደረጋለች፤ ሰፋ ላሉት ፕሮሰሰሮች ጥቂት ይጨመራል። ማቀዝቀዣው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ብሎኖቹ አንዱ እስከ መጨረሻ ሳይጠብቅ በሰያፍ በሰያፍ፣ ጥቂት ጥቂት እየተዞሩ ይጠብቃሉ። አንዱ ማዕዘን ቀድሞ ከጠበቀ መሠረቱ ያዘነብላል፣ ፔስቱም ወደ አንድ ወገን ይገፋል። ጥርጣሬ ያለው ሰው ማቀዝቀዣውን መልሶ አንሥቶ የፔስቱን አሻራ ቢያይ አይጎዳም፤ አሻራው ሲሊከኑ ያለበትን መሐሉን በሙሉ በስሱ ከሸፈነ ሥራው ተሠርቷል። ካየ በኋላ ግን ጠርጎ አዲስ ፔስት ማድረግ አለበት፤ የተነሣው ፔስት ተመልሶ ሲጫን አየር ይዞ ይቀራልና።

ኮምፒውተሩ እንደበራ፣ ገና ምንም ሥራ ሳይሰጠው፣ ሙቀቱ 80 እና 90 ከደረሰ መፈተሽ ያለበት ይህ ቦታ ነው። ላስቲኩ አልተነሣም፣ ብሎኑ አልያዘም፣ ወይም ማቀዝቀዣው ክዳኑን አልነካም። በዚህ ጊዜ ሌላ ፋን መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

የኢንቴል አሥራ ሁለተኛው ትውልድ በ2021 ሲወጣ ሌላ ችግር ይዞ መጣ። ፕሮሰሰሩ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ነው፤ የሶኬቱ መያዣ የሚጫነው መሐሉ ላይ ብቻ ስለሆነ ክዳኑ በጥቂቱ ይጎብጣል። ጫናውን በዙሪያው እኩል የሚያሳርፍ ሌላ ክፈፍ የሚሸጡ ኩባንያዎች ብቅ አሉ፤ ብዙ ገጣሚዎችም ጥቂት ዲግሪ አተረፉበት። ጋሊየም ያለበትን ፈሳሽ ብረት በፔስት ፋንታ የሚጠቀሙም አሉ። በእርግጥ ከፔስት በብዙ ይበልጣል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከቦታው ከፈሰሰ ማዘርቦርዱን ያቃጥላል፣ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣንም በልቶ ያፈራርሳል።

ከመሠረቱ ሙቀቱን ወደ ላይ የሚወስዱት የመዳብ ቱቦዎች ናቸው፤ በዚህ መንገድ ላይ ከሚገኘው ሁሉ የሚያስደንቁትም እነሱ ናቸው። ብዙ ሰው ውስጣቸው ድፍን መዳብ ይመስለዋል። ቱቦዎቹ ክፍት ናቸው፤ አየሩ ወጥቶ ጥቂት ውኃ ገብቶባቸው በሁለቱም ጫፍ ተደፍነዋል። አየር ስለሌለ ውኃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ጫፍ ሲሞቅ ውኃው ይተንና ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ላይኛው ጫፍ ይሮጣል፤ እዚያ ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ላሜራዎች ሙቀቱን ተቀብለውት መልሶ ውኃ ይሆናል። ከዚያም የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በተለበጠው የደቀቀ መዳብ ተስቦ ወደ ታች ይመለሳል። ሞተር የለውም፣ ድምፅም የለውም። ጽንሰ ሐሳቡን የጄኔራል ሞተርሱ ሪቻርድ ጋውግለር በ1940ዎቹ በፓተንት አስመዝግቦት ነበር። በተግባር ያዋለው ግን በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የነበረው ጆርጅ ግሮቨር ሲሆን ዘመኑም 1963 ነው፤ ሲሠራለት የነበረውም ለጠፈር ኃይል ማመንጫዎች ነው። ለጠፈር የታሰበ ነገር ዛሬ ከጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ይሠራል።

ቀጥሎ ፋኑ ነው። የፋን ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋው አየር በእጥፍ ያድጋል፤ የሚወስደው ኃይል ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ ጩኸቱም አብሮ ይንራል። ስለዚህ ባለ 140 ሚሊሜትር ትልቅ ፋን በዝግታ ሲዞር ባለ 92 ሚሊሜትሩ እየጮኸ የሚሠራውን ሥራ በጸጥታ ይሠራል። የኦስትሪያው ኖክቱዋ ኩባንያ በ2014 ያወጣው ኤንኤች ዲ15 ስመ ጥር የሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለት የላሜራ ግንቦችና ሁለት ትልልቅ ፋኖች አሉት። እንደ ኩለር ማስተር ሃይፐር 212 ያሉ ርካሽ ባለ አንድ ግንብ ማቀዝቀዣዎችም መካከለኛ ፕሮሰሰርን በበቂ ያቀዘቅዛሉ። ትልቅ የሆነ ሁሉ የግድ ነው ማለት አይደለም።

ከማቀዝቀዣው የወጣው ሙቀት ገና ከኮምፒውተሩ ሣጥን፣ ከኬዙ፣ አልወጣም። ሳይፈተሽ የሚቀረው ይህ የመንገዱ ክፍል ነው። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ያምራል፤ አየር የሚገባው ግን በጎኑ በቀረችው ቀጭን ክፍተት ነው። ፋኖች ደግሞ ወገን አላቸው፤ አየሩ የሚወጣው የፋኑ ፍሬም ድጋፍ አጥንቶች ባሉበት በኩል ነው። የፊቱ ወደ ውስጥ፣ የኋላውና የላዩ ወደ ውጭ መግፋት አለባቸው። አንዱ ተገልብጦ ከተገጠመ ሁለት ፋኖች ያንኑ የሞቀ አየር ሲቀባበሉ ይውላሉ። ግራፊክስ ካርድ ካለ ነገሩ ይብሳል፤ በ2022 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ብቻውን እስከ 450 ዋት ይወስዳል፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ካርድም ሙቀቱን የሚተፋው ፕሮሰሰሩ ሥር ነው። ጨዋታ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ሲያሻቅብ ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የኬዙን ጎን ከፍቶ እንደገና መለካት ይበቃል። ሙቀቱ ብዙ ዲግሪ ከወረደ ማቀዝቀዣው ደኅና ነው፤ ያነሰው የኬዙ አየር ነው።

አሁን ስለ አየሩ ራሱ። በዓለም ላይ ስለ ኮምፒውተር ማቀዝቀዣ የሚወጣው የፍተሻ ውጤት በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆኑ ቦታዎች የተለካ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋን በየሰከንዱ የሚገፋው ሊትር አይለወጥም። በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው አየር ግን በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ሙቀት የሚሸከመውም የአየሩ ክብደት እንጂ ስፋቱ አይደለም።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ይሆናል። አንድ ኮምፒውተር በጠቅላላው 300 ዋት ሙቀት ያወጣል፣ ፋኖቹም በሰከንድ 30 ሊትር አየር ያሳልፋሉ እንበል። በባሕር ጠለል ያ አየር ሲወጣ ከገባበት በ8 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በአዲስ አበባ በ11 ዲግሪ። ላሜራዎቹም ለሳሳ አየር ሙቀት የማስረከብ አቅማቸው ይቀንሳል። የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር አሽሬ ለመረጃ ማዕከላት ባወጣው መመሪያ ላይ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ለብዙዎቹ ሰርቨሮች ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ሒሳብ በባሕር ጠለል እስከ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ዕቃ በአዲስ አበባ የሚፈቀድለት 30 ዲግሪ ያህል ነው።

ደግነቱ ከፍታው በአንድ እጁ የወሰደውን በሌላው ይመልሳል። የፕሮሰሰር ሙቀት ሁልጊዜ ከክፍሉ ሙቀት ላይ ተነሥቶ የሚቆጠር ነው፤ ዋቱ ሳይለወጥ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፕሮሰሰሩም በዚያው ያህል ይወርዳል። በክረምት 18 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ከሳሳው አየር ጋርም ቢሆን ይመቸዋል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ወፈር ይላል፤ ክፍሉ ግን 32 ዲግሪ ሆኖ ይውላል። ዱባይ ወይም ዶሃ ያለ ኢትዮጵያዊ ከውጭ 45 ዲግሪ ቢሆንም ክፍሉ ኤሲ አለው፤ ነገሩ የሚለወጠው ኤሲው ሲጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንዱ አገር ሰው የለካውን ዲግሪ በቀጥታ ከሌላው ጋር ማወዳደር አያዋጣም። የክፍሉን ሙቀት ቀንሶ ልዩነቱን መያዝ ይሻላል።

አቧራ የራሱ ቦታ አለው። በበጋ ከመንገድ የሚነሣው አፈር በላሜራዎቹ መካከል ገብቶ እንደ ጨርቅ ይጋገራል፤ በተለይ ፋኑና ላሜራው በሚገናኙበት፣ ከውጭ በማይታየው ወገን። ማጣሪያ ያለው ኬዝና በየጥቂት ወሩ በብሎወር መንፋት ይረዳል። ሲነፋ የፋኑን ክንፍ በጣት መያዝ ይገባል፤ አለበለዚያ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ተሽከርክሮ ማዞሪያው ይበላሻል።

የውኃ ማቀዝቀዣ ከዚህ ሁሉ ያወጣል ብለው የሚያስቡ አሉ። ውኃው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ራዲያተሩ ማጓጓዙ እውነት ነው፤ ብዙ ሙቀት የመያዝ አቅም ስላለው ድንገተኛ ጫናንም ያለዝባል። ራዲያተሩ ግን መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ለዚያው ለሳሳ አየር ነው። በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ እዚህ አያሳስብም፤ የማቀዝቀዣው ውኃ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። የሚያሳስበው ውኃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚቀረው ጥቂት አየር ወደ ላይኛው ቦታ ስለሚወጣ፣ ፓምፑ ከሁሉም ከፍ ብሎ ከተገጠመ አየሩ እዚያ ይጠራቀምና ይንጫጫል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የራዲያተሩ አናት ከፓምፑ በላይ መሆን አለበት። ፋን ሲበላሽ በሌላ ፋን ይተካል፤ የታሸገ የውኃ ማቀዝቀዣ ፓምፕ ሲሞት ግን ሙሉው ይጣላል። ለዕለት ተዕለት ሥራ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ መምረጥ ይበልጥ ያዋጣል።

ቁጥሩን ማንበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2017 የመጀመሪያዎቹ ራይዘን 1700ኤክስና 1800ኤክስ ሲወጡ የሚያሳዩት ቁጥር ከእውነተኛው ሙቀታቸው በ20 ዲግሪ እንዲበልጥ ተደርጎ ነበር፤ የፋን አሠራሩ ለሁሉም ሞዴል አንድ ዓይነት እንዲሆን ታስቦ ነው። ኤኤምዲ ይህን እስኪያስረዳ ድረስ ብዙ ሰው ደኅና ፕሮሰሰር ይዞ ተጨነቀ። አሁንም አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ለአፍታ ወደ 75 ዘልሎ መውረድ የተለመደ ነው። መታየት ያለበት ለአሥር ደቂቃ ያህል ሙሉ ጫና ተሰጥቶት ሙቀቱ የት እንደሚረጋ፣ ያኔም ፍጥነቱና ዋቱ ስንት እንደሆነ ነው።

ሙቀት ብቻ ሲፈራ ደግሞ ሌላው አደጋ ሊታለፍ ይችላል። በ2024 የኢንቴል አሥራ ሦስተኛና አሥራ አራተኛ ትውልድ ትልልቅ ፕሮሰሰሮች በብዙ ተጠቃሚዎች ዘንድ መንገዳገድና ፕሮግራም መዝጋት ጀመሩ። ኩባንያው መርምሮ ያገኘው ከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት ተደምረው አንዱን የውስጥ ክፍል ቀድሞ እንደሚያስረጁት ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ቮልቴጁን የሚገድብ የማይክሮኮድ ማሻሻያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማሻሻያው የሚመጣበትን ባዮስ፣ ማለትም የማዘርቦርዱን መነሻ ፕሮግራም፣ ያላሻሻለ ሰው ፕሮሰሰሩን የቱንም ያህል ቢያቀዘቅዝ ከዚህ ጉዳት ሙሉ በሙሉ አይድንም።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ርካሽ መፍትሔ ይመራል፤ ሙቀቱን ከማሳደድ ይልቅ ከምንጩ መቀነስ። ራይዘን 9 7950ኤክስ በባዮስ ውስጥ «ኢኮ ሞድ» የተባለውን ቅንብር መርጦ ከ230 ዋት ወደ 88 ዋት ሲገደብ፣ ኮሮቹን ሁሉ በሚያስጨንቅ ሥራ ላይ እንኳ የሚያጣው ፍጥነት ከሩብ ብዙም አይዘልም። በጨዋታና በቢሮ ሥራ ልዩነቱ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። በኢንቴል በኩል ለኮር አይ9 13900ኬ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን 253 ዋት ነው፤ ባዮስ ውስጥ የኃይል ገደቦቹን ወደ 125 ማውረድ ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ሌላ ጥቅም አለው። ገበያ ላይ ያሉት የ650 ቪኤ ዩፒኤሶች አብዛኞቹ ከ400 ዋት በላይ አይችሉም። 230 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር፣ 200 ዋት የሚወስድ ግራፊክስ ካርድና ለቀሪው 60 ዋት ሲደመሩ 490 ይሆናሉ፤ መብራቱ በሄደ ቅጽበት ዩፒኤሱ ይጮኽና ይጠፋል። ፕሮሰሰሩ በ88 ዋት ሲገደብ ድምሩ 348 ነው፤ ዩፒኤሱ ሊችለው ይችላል፣ ሥራን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋትም ጊዜ ይገኛል። ቅንብሩ ያልተስማማው ሰው እዚያው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል።